ሆልዲንግ ምንድን ነው?

ሰበር ሰሚ ችሎትን እየጠቀሱ «ሰበር እንዲህ ብሏል» የሚሉ ጽሑፎች ድሮም ያበሽቁኝ ነበር። አሁን ደግሞ አገር ቤት ሕግ ተምረው ለኤልኤልኤም (ለሕግ ማስተርስ) አሜሪካ የመጡ ልጆች ዳኛው የተነፈሰውን ሁሉ «ሄልድ» (ወስኗል) እያሉ ይገለብጣሉ። ሰሞኑን አንዱ «ውሳኔው ላይ የተጻፈ ሁሉ ሆልዲንግ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ወንድሜ፣ አይደለም። ሆልዲንግ ማለት ጉዳዩ የተወሰነበት የሕግ ነጥብ ብቻ ነው።

ሽማግሌ ፊት የቀረበ ጉዳይ እንውሰድ። በሬ አጥር ጥሶ የሰው ገብስ በላ። ባለቤቱ የበሬውን አመል ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ይተርታሉ፣ ይቆጣሉ፤ አንዱም «ፍየል ብትሆንም ያስከፍል ነበር» ይላል። በመጨረሻ «አመሉን እያወቀ ያላሰረ ይካስ» ተባለ። ሆልዲንጓ ይቺው ናት። ፍየሏ ጉዳዩ ውስጥ አልነበረችም፤ እሷ ዲክታ ናት፤ ለውሳኔው ሳታስፈልግ በመንገድ የተባለች። በዓመቱ ፍየል ገብስ ብትበላ «አምና ተወስኗል» ማለት አይቻልም።

ቀላል መሰለ? ውሳኔው ስለ በሬ ነው? ስለ ቀንድ ከብት? ወይስ አመሉ ስለታወቀ እንስሳ ሁሉ? ከሳሽ ያሰፋዋል፣ ተከሳሽ ያጠበዋል። የጠበቃ ሥራ ማለት ይሄ ነው። እኛ አገር ቤት ከአንቀጽ ተነስተን ወደ ፍሬ ነገሩ (ወደ ተፈጸመው ነገር) እንወርዳለን፤ እዚህ አሜሪካ ግን ሕጉ የሚመጣው ፍሬ ነገሩ ላይ ተጣብቆ ነው። (የጎረቤት ቀበሌ ሽማግሌ ደግሞ አያስገድድም። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት የቨርጂንያን ዳኛ ቢያሳምን እንጂ አያዝዘውም።)

አገር ቤትም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 454/1997 (በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተተክቷል) አስገዳጅ ያደረገው ሰበር ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠውን የሕግ ትርጉም ነው። ሐተታውን በሙሉ አላለም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በመጀመሪያው ሜሞዬ (የሕግ ትንተና ጽሑፌ) ከውሳኔው አናት ላይ ያለችውን ሄድኖት፣ ማለትም አጭር ማጠቃለያ፣ እንዳለች ገለበጥኳት። መምህሬ ጠርዙ ላይ በቀይ «ይህን ማን አለ?» ብላ ጻፈችብኝ። ለካ የጻፈው የአሳታሚው አርታኢ ነው! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከውሳኔው ጋር የሚያወጣው ማጠቃለያ እንኳ የውሳኔው አካል እንዳልሆነ እዚያው ተጽፎበታል፤ በ1906 እ.ኤ.አ. የተወሰነውን የዲትሮይት ቲምበር ጉዳይ ጠቅሶ።

ከጥፋቱ ግማሹ የቋንቋችን ነው። በአማርኛ «ፍርድ ቤቱ ብሏል» ካልን ሁሉንም ይሸፍንልናል። በእንግሊዝኛ ሜሞ ግን ግሱ ራሱ ይናገራል፦ «ሄልድ» ለሆልዲንጉ፣ «ፋውንድ» ለተረጋገጠው ፍሬ ነገር፣ «ኖትድ» ለፍየሏ።