ሲፓፕ ላይ የሚታየው ቁጥር ምን ይላል?

በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለሚቋረጥበት ሰው የሚታዘዘው ሲፓፕ በሽታውን ነቅሎ የሚያጠፋ ስለሚመስላቸው፣ ብዙዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተስፋ ቆርጠው ያስቀምጡታል። መሣሪያው በጭምብል በኩል አየርን በማያቋርጥ ግፊት እየላከ፣ በእንቅልፍ የሚላላው ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ ስለዚህ እንደ መነጽር የሚጠቅመው እስከተደረገ ድረስ ብቻ ነው።

ይበልጥ የሚያደናግረው ጠዋት በመሣሪያው ስክሪን ላይ የሚነበበው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ የተቋረጠበት ወይም በእጅጉ የቀነሰበት ጊዜ በሰዓት በአማካይ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ሲሆን፣ ለአዋቂ ከ5 በታች እንደ ጤናማ፣ 30ና ከዚያ በላይ እንደ ከባድ ይቆጠራል። በምርመራው 42 የነበረ ሰው 3 ሲያይ ዜሮ ባለመሆኑ ሊጨነቅ አይገባም። ነገር ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጭምብሉን አውልቆ እስከ ንጋት የተኛ ሰውም ያንኑ 3 ሊያነብ ይችላል፤ መሣሪያው የሚቆጥረው የተደረገበትን ሰዓት ብቻ ነውና። ድካሙ ያልለቀቀው ሰው አስቀድሞ ይህን ይመርምር።

በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ለመሣሪያው መክፈሉን ለመቀጠል በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምን ይጠይቃል። ይህ የክፍያ መስፈርት እንጂ የሕክምና ግብ አይደለም፤ የሚፈለገው እንቅልፉን በሙሉ መሸፈን ነው።

ሲፓፕ የደም ግፊትንም የሚቀንሰው በአብዛኛው በጥቂቱ ስለሆነ፣ እባክዎ የግፊት ኪኒንዎን ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጡ።