ኢንቨርተር ምንድን ነው? ባትሪውስ ለምን ቶሎ ያልቅበታል?

ደሴ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ጓደኛ አለኝ። ጥር ሲገባ ቤቱ አባዱላው ነው። ከኋላ ፍራሽ ዘርግቷል፣ ከፍራሹ ስር 100 አምፒር አወር (የባትሪ መጠን መለኪያ ነው) ባትሪ አስቀምጧል፣ አጠገቡ ኢንቨርተር አስሯል። ላፕቶፑም፣ የካሜራ ቻርጀሩም፣ የቀረጻ መብራቱም ከዚያ ነው የሚሠሩት። ባለፈው ደወለና «ሁለተኛውም ኢንቨርተር ተበላሸ፣ መብራቱን ሳበራ ጢጥ ጢጥ ይልና ይጠፋል» አለኝ።

ባትሪ የሚሰጠው 12 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። የቤት ዕቃችን የለመደው ደግሞ የግድግዳ ሶኬቱን 220 ቮልት ኤሲ፣ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚቀያይረውን ነው። ኢንቨርተር ያኛውን ወደዚህኛው ይቀይራል፤ ሥራው ይኼው ነው። ኃይል አያመነጭም፣ አያጠራቅምም። እንዲያውም ሲቀይር አሥር በመቶ ገደማውን በሙቀት ያባክናል። ርካሾቹ የሚያወጡት ኤሲ ሻካራ ስለሆነ ሞተር ያለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ፣ ያጉረመርምባቸዋል። «ፒዩር ሳይን» የሚባለው፣ እንደ ግድግዳው ለስላሳ ኤሲ የሚያወጣው፣ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል።

ሰው የሚሸወደው ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር ነው። 2000 ዋት ማለት ይህን ያህል ማሳለፍ ይችላል ማለት እንጂ ይህን ያህል አለው ማለት አይደለም። ያለው ባትሪው ውስጥ ነው። 100 አምፒር አወርን በ12 ቮልት ስታባዛው 1200 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ጥሩ ስለሆነ 600 ይቀርሃል፣ ኢንቨርተሩ የሚበላውን ስትቀንስ ደግሞ ወደ 540። መቶ ዋት ለሚጎትት ሰው አምስት ሰዓት ነው። 1500 ዋት የውሃ ማፍያ ብትሰካበትስ? ከባትሪው ከ125 አምፒር በላይ ይስባል፤ ለእንዲህ ያለ ባትሪ በጣም ብዙ ነው። ምጣድማ እርሳው።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ሄድኩ። የ300 ዋት መብራቱን አበራንና ባትሪው ራስ ላይ ለካሁ፦ 12.1። ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ለካሁ፦ 10.8። ገመዱን ስነካው ሞቋል። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋ ቀጭን ገመድ ነው የቀጠለው! ያ ሁሉ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ኢንቨርተሩም ባትሪው ያለቀ መስሎት ይጮሃል። ኢንቨርተሮቹ ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ። ወፍራምና አጭር ገመድ ቀየርንለት፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ (ከመጠን በላይ ሲሳብ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጥ) አስገባን። ፊውዙ ከሌለ ገመዱ አንድ ቀን ከመኪናው ቦዲ ጋር ሲነካካ ፍራሹ በእሳት ይያያዛል።

የባሰው ችግር ግን አሞላሉ ነበር። «ከኮምቦልቻ ደሴ ስመጣ ዲናሞው ይሞላዋል» ብሎ ያምናል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሐረጎን ዳገት እያቃሰቱ ቢወጡትም አንድ ሰዓት አይሞላም። የአሲድ ባትሪ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይቀበላል፤ ሊሞላ ሲል ግን እየቆጠበ ነው የሚጠጣው፣ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ብቻዋን ሰዓታት ትፈጃለች። ግማሽ ሞልቶ እንደዋለ ከከረመ ውስጡ ሰልፌት የሚባል ደረቅ ቅርፊት ይጋግራል፣ በሚቀጥለው ዓመት «ባትሪው አርጅቷል» ይባላል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ያለበት ቦታ በደህና ቻርጀር ይሰካ፤ 14.4 ቮልት አካባቢ ደርሶ ራሱ ወደ 13.5 የሚወርድ ቢሆን። መስኮት ከፈት ይደረግ፣ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል። ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ምንም ሳይጠቀሙበት ማረፍ ከጀመረ ጥቂት ሰዓት በኋላ 12.7 ካሳየ ሞልቷል፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው።

የሞተር ማስነሻው ባትሪና የኋላው በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይለያዩ፣ ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ብቻ ይገናኙ። እሱ በቀጥታ ነበር ያያያዛቸው፤ ማታ የሚጠቀምባቸው ዕቃዎች የማስነሻውንም ባትሪ ስለሚጨርሱበት ጠዋት ጠዋት መኪናውን በቁልቁለት ነው የሚያስነሳው። ደሴ ቁልቁለት አላጣችም፣ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ግን ሰው ለምኖ ያስገፋ ነበር።

ልሄድ ስል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቻርጀሩን እዚሁ ኢንቨርተሩ ላይ ሰክቼ ባትሪውን ብሞላውስ?» «ከጀሪካን በቀዳዳ ጣሳ እየቀዳህ መልሰህ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ገልብጥ በለኛ!» አልኩት።