ስክነት ምንድን ነው? ለአደን የተወለደን ቡችላ ስለመግራት

ቡችላዬን መብረቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ የፈታሁት ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ስድስት ወሩ ነበር። እናቱ ስፓኒየል የሚባለው የአደን ውሻ ዝርያ ናት፤ አባቱ አይታወቅም። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ አጨዳ ያለቀበት የጤፍ ማሳ ላይ ማሰሪያውን ስፈታለት አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ በረረ። ስሙን ጠራሁ። አፏጨሁ። ጮህኩ። ጆሮው እንኳ ወደ እኔ አልዞረም። ከማሳው ዳር ካለው ቁጥቋጦ ሁለት ቆቆች ብር ብለው ሲነሱማ ጭራሽ ከዓይኔ ተሰወረ። ፈልጌ ያገኘሁት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል።

ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ በሬዎቻቸውን ይዘው ቆመው ያዩ ነበር። «ልጄ፣ ውሻውስ ደህና ነው። ስክነት ነው የጎደለው» አሉኝ።

ስክነት! ቃሉ እዚያው ላይ ያዘኝ። እንግሊዝ አገር ያሉ የአደን ውሻ አሰልጣኞች «ስቴዲነስ» የሚሉት ነገር አለ። ውሻው የሚፈልገውን እያየ፣ እያሸተተ፣ መሮጥም እየቻለ፣ ጌታው እስኪፈቅድለት ረግቶ ሲጠብቅ ማለት ነው። ሽማግሌው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ብዙ ሰው ግን ስክነትን ከመፍዘዝ ጋር ያምታታዋል። የተገረፈ ውሻም ዝም ብሎ ይቀመጣል። እሱ ስክነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ልዩነቱን ማየት ለሚፈልግ ጎጃም ውስጥ ጥሩ ቦታ አለ። ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን እዩ። ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ፣ አፍንጫውን ነፍቶ፣ ከእግሩ ሥር መሬቱ የሚግል ይመስል ይረግጣል። ግን አይሄድም። ፈረሰኛው ልጓሙን ለቀቅ ሲያደርግለት ግን እንደ ጥይት ነው። ያንን ፈረስ የገራው ሰው እሳቱን አላጠፋበትም። ከቡችላም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

እሳቱ ከየት መጣ? ከዘሩ ነው። እንደ ስፓኒየል ያሉ ውሾች ወፍ ከቁጥቋጦ እንዲያስነሱ፣ ፖይንተር ሽታ ሲያገኝ ደርቆ ቆሞ እንዲያመለክት፣ ላብራዶር የወደቀውን በአፉ ይዞ እንዲያመጣ ለብዙ ትውልድ ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው። አፍንጫቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የሰው አፍንጫ 5 ሚሊዮን ገደማ የሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ የውሻ እንደየዝርያው እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል። እኛ ባዶ ማሳ የምናየው ቦታ ላይ እሱ ሌሊት ያለፈውን ሁሉ ያነባል። ስለዚህ ስትጠሩት ዝም ሲል ንቋችሁ አይደለም። ከእናንተ ድምፅ የበለጠ የሚስብ ነገር አግኝቶ ነው።

«አሩጠው፣ ይድከም፣ ከዚያ ይሰማሃል» የሚል ምክር ሰምቼ ነበር። ለሦስት ሳምንት በየማታው ኳስ ወረወርኩለት፤ አርባ፣ ሃምሳ ጊዜ። ውጤቱ ምን ሆነ? ጉልበቱ ጠነከረ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ መባረር አለበት ብሎ ተማረ። እንቅስቃሴ ለጤናው ያስፈልገዋል፤ ትኩረት ግን በድካም አይመጣም። ትኩረት ለብቻው የሚሠለጠን ነገር ነው።

የሠራልኝ ነገር የጀመረው ከእጄ መዳፍ ነው። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝቼ በደንብ ቀቀልኩና እንደ ሽምብራ ፍሬ አድርጌ ከተፍኩት። (ጥሬውን አትስጡ። ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻው የኮሶ ትል ዓይነት ሊሰጠው ይችላል፤ ያ ትል ወደ ሰው ሲተላለፍ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ያበቅላል። ወጥ የነካው እንጀራም አይሆንም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።) አንዷን ቁራጭ ጨብጬ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። ላሰ። ነከስ ነከስ አደረገ። በመዳፉ ቧጠጠ። አለቃቀሰ። እኔ ምንም አልተናገርኩም፣ እጄንም አልከፈትኩም። ሲሰለቸው አፍንጫውን ከጭብጤ አራቀና ቀና ብሎ ዓይኔን አየ። ያችው ሰከንድ ላይ «ጎሽ!» አልኩና እጄን ከፈትኩ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቡችላው ዘሎ ሲያጣው፣ ረግቶ ሲያገኘው አየ። የሚፈልገው ነገር መንገዱ በእኔ በኩል መሆኑንም አወቀ። «ጎሽ» ደግሞ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ራሺያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ውሻ አንድን ድምፅ ከምግብ ጋር እንደሚያያይዝ፣ በኋላ ድምፁን ብቻ ሲሰማ ምራቁ እንደሚመጣ አሳይቷል። ጎሽም እንዲሁ ነች። አጭር ናት፣ ጥርት ያለች ናት፣ «አሁን ያደረግኸው ልክ ነው» ትለዋለች። ሁለት ሰከንድ ከዘገየች ግን ሌላ ነገር ነው የምታስተምረው፤ እሱ በዚያ መሃል ዘሎ ይሆናላ!

የቤተሰቡ ቃል አንድ መሆን አለበት። እኛ ቤት አንዱ «ቁጭ በል» ይላል፣ ሌላው «ተቀመጥ»፣ እናቴ ደግሞ «ወግድ»። ተነጋግረን «ቁጭ»፣ «ቆይ» እና «ና» ብቻ አስቀረን። ፊሽካም ገዛሁ። አንድ ረጅም ፊሽካ ቁጭ ማለት ነው፤ አጫጭር ተከታታይ ፊሽካ ና ማለት ነው። በአፍ ማፏጨቱን ተውኩት። በእኛ አካባቢ እረኛው ሁሉ ሲያፏጭ ይውላል፣ ቡችላው የማንን ይስማ?

ልምምዱ አጭር ይሁን፤ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ኳሱንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። አሁን አስር ጊዜ ብወረውር ሰባቱን ራሴ ሄጄ አነሳለሁ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል። የወደቀ ነገር ሁሉ የእሱ አይደለም።

ጭንቅ ያለው ከግቢ ሲወጣ ነው። የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከእናንተ ያለው ርቀት፣ የሚጠብቅበት ጊዜና በዙሪያው ያለው ግርግር። አንዱን ስትጨምሩ ሌሎቹን ቀንሱ። መብረቅ በረንዳ ላይ አንድ ደቂቃ ይቆይ ነበር። ዶሮዎች በፊቱ ሲያልፉ ግን አምስት ሰከንድ ከቆየ ይበቃኝ ነበር። የገበያ ቀን መንገድ ዳር የወሰድኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ከአህዮቹ ሃምሳ ሜትር ርቄ።

ድምፅም እንደዚሁ ነው። ባለፈው ቡሄ ገና የሦስት ወር ጩጬ ሳለ የልጆቹን ጅራፍ ሲሰማ ጎተራ ሥር ገብቶ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ አቅፎ ወደ ጅራፉ መውሰድ ትልቅ ስህተት ይሆን ነበር። ድምፁ ጭል ጭል እስኪል ራቅን፣ ጅራፍ ጧ ባለ ቁጥር ቁራሽ ሳንባ ሰጠሁት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀረብን። በሳምንቱ ጅራፍ ሲጮህ እጄን ያይ ጀመር።

አንድ ነገር ጠብቁ። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ያወቀውን ሁሉ የረሳ ይመስላል። አልረሳም፣ ጎረምሳ ሆኖ ነው። አትቆጡ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መልሱትና ከቀላሉ ጀምሩ።

አገራችን ውስጥ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ እኔም ጠመንጃ የለኝም፣ ቆቅ የመግደል ሐሳብም የለኝም። ግን ለዚህ ሥራ የተወለደ ውሻ አፍንጫውን የሚሠራበት ነገር ካላገኘ ግቢውን ሲቆፍር ይውላል።

አሁን መብረቅ አስር ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚያው ማሳ ላይ ነበርን። ከዚያው ቁጥቋጦ አንድ ቆቅ ከአፍንጫው ሥር ተነሳች። ፊሽካዬን አንድ ጊዜ ረዘም አድርጌ ነፋሁ። ቁጭ አለ። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ መቀመጫው መሬቱን የነካው ለአመል ያህል ነው። ወፏ እስክትጠፋ በዓይኑ ተከተላትና ዞሮ እኔን አየ።

«ጎሽ» አልኩት። ሳንባ አልሰጠሁትም። ቁጥቋጦውን እስኪጠግብ እንዲያሸተው ለቀቅኩት።