ዘይት ወንዝ እንዳይገባ፦ የታንክ ዙሪያ ግንብ፣ ቫልቭ እና ተንሳፋፊ አጥር

በነዳጅ ዴፖና በፋብሪካ ግቢ የማጠራቀሚያ ታንኮችን የከበበውን ዝቅተኛ ግንብ አላፊ አግዳሚው ተራ አጥር ይመስለዋል። ሥራው ግን ታንኩ ቢቀደድ የሚፈሰውን ነዳጅ እዚያው አቅፎ ማስቀረት ነው። የኢንዱስትሪ ዘይት ወደ ውኃ አካል እንዳይደርስ ከሚደረጉ ጥንቃቄዎች ሁሉ ዋነኛው ይህ ማንም የማያወራለት ግንብ ነው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ደንብ ግንቡ ታንኩ ከሚይዘው 110 በመቶ እንዲችል ያዝዛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣችው ደንብ ደግሞ የትልቁን ታንክ ሙሉ ይዞታና ለዝናብ የሚተርፍ ቦታ ይጠይቃል። ዝናብ የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በግንቡ ውስጥ የሚያቁረው ውኃ በቫልቭ ይለቀቃል፤ ቫልቩ ተከፍቶ ከተረሳ ግንቡ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከዶፍ በኋላ ወጥቶ ውኃው ላይ ዘይት አለመንሳፈፉን አይቶ፣ ከፍቶ፣ መልሶ የሚቆልፈው የፈረቃ ሠራተኛ ስሙ በየትኛውም የአደጋ ሪፖርት ላይ አይገኝም፤ ያልደረሰ አደጋ ሪፖርት የለውምና።

በሚገባ ከተመዘገቡት አደጋዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1988 በፔንስልቬንያ፣ ፍሎሬፍ በተባለ ስፍራ የደረሰው ነው። የአሽላንድ ኦይል ኩባንያ አርባ ዓመት ያገለገለ ታንክ ከሌላ ቦታ ፈትቶ አምጥቶ እዚያ ገጣጥሞ ነበር። እንዲህ ያለ ታንክ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እስከ አፉ ውኃ ተሞልቶ መፈተሽ ነበረበት፤ የተሞላው ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በናፍጣ ሲሞላ፣ በዚያ ብርድ፣ ብረቱ ከአንድ የቆየ እንከን ጀምሮ ተሰነጠቀና ታንኩ በቅጽበት ፈረሰ። ከ14 ሚሊዮን ሊትር በላይ ናፍጣ እንደ ማዕበል ተነሣ። ግንቡ ነበረ፤ ነገር ግን የተሠራው ቀስ ብሎ ለሚፈስ ነዳጅ ነውና ማዕበሉ ዘለለው። በጎረቤት ግቢ በነበረ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ አድርጎ 2.8 ሚሊዮን ሊትር ያህሉ ሞኖንጋሂላ ወንዝ ገባ፤ ከዚያም ወደ ኦሃዮ ወንዝ ወረደ። በሦስት ክፍላተ ግዛት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመጠጥ ውኃቸው ተስተጓጎለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለወጣው የአሜሪካ የዘይት ብክለት ሕግ መንገድ ከጠረጉት አደጋዎችም አንዱ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በሩሲያ ኖሪልስክ 20 ሺህ ቶን ያህል ናፍጣ ከአንድ የኃይል ማመንጫ ታንክ ፈስሶ አምባርናያ ወንዝን አቅልቷል። የማመንጫው ኩባንያ ከመሬቱ ሥር ዓመቱን ሙሉ የሚቆየው በረዶ መቅለጡን፣ ሌሎች የጥገና ጉድለትን ያነሣሉ፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ዘይቱ ውኃ ከነካ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ማሳደድ ነው። ተንሳፋፊ አጥር ይዘረጋል፤ ሆኖም ወንዙ በሰከንድ ከ35 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ ሲፈጥን ዘይቱ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ አጥሩ ወንዙን ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ አቋርጦ ዘይቱን ረጋ ወዳለው ዳርቻ ይመራል፤ እዚያ በፓምፕ ይመጠጣል። በትንንሽ ጅረቶች ላይ ብልኃቱ ቀላል ነው፦ በአፈር ይገደባል፣ ከታች ቱቦ ይቀበራል፤ ውኃው በሥር ሲያልፍ ዘይቱ ከላይ ይቀራል። አንድ ቁፋሮ የሚችል ሰው ለእኔ ከአንድ መርከብ መሣሪያ ይበልጣል።

በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይደነግጋል። ከአዲስ አበባ ጋራዦች ወደ ቦይ የሚደፋ የተቃጠለ ዘይት መድረሻው የአቃቂ ወንዞች፣ ከእነሱም አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ንጹሕ ሆኖ የተጠራቀመ የተቃጠለ ዘይት ገዢ አያጣም፤ ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የአጥር እንጨት ይቀባበታል። ፈላጊ የሚያጣው ከውኃና ከአፈር የተደባለቀው ነው፤ ቦዩም የሚሞላው በእሱ ነው።