«ጥጋብ ነው» እና ሌሎች ስለ ልጆቻችን የምንላቸው ነገሮች

«ጥጋብ ነው»

ልጆቻችን በድብርት ወይም በጭንቀት ሲታመሙ ከምንላቸው ነገሮች ከሁሉም ቀድማ የምትመጣው ይቺ ናት። የ16 ዓመቱ ልጅ በሩን ዘግቶ ይውላል። «ምሳ ቅረብ» ሲባል ይጮሃል። ያለ ኳስ የማይኖረው ልጅ፣ ጓደኞቹ ሲመጡ «የለም በሉልኝ» ይላል። ቤተሰብ ደግሞ ያዘነ ሰው ያለቅሳል ብሎ ይጠብቃል። በዚህ ዕድሜ ግን ድብርት ብዙ ጊዜ የሚታየው በብስጭት ነው። ሐኪሞችም ልጆችን ሲመረምሩ ብስጭትን ከሐዘን እኩል ያዩታል። ሌላው ደግሞ «ጨጓራዬን፣ ራሴን» ይላል። ላብራቶሪው ምንም ሳያገኝ ሲቀር «አስመሳይ» ይባላል። ሕመሙ ግን የእውነት ያመዋል።

ታዲያ ከተራ የጉርምስና ኩርፊያ በምን ይለያል? ዛሬ አኩርፎ ነገ ከጓደኞቹ ጋር የሚስቅ ልጅ ብዙም አያሳስብም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፉ ከተዛባ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ትምህርቱ ከወረደ፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ከሰለቸው ግን ባለሙያ ይየው።

«ገና ልጅ ነው፣ ምን አለበት?»

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑት 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ምን አለበት ላላችሁት፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት ቤት ውስጥ ምን ሲባሉ እንደከረሙ መገመት አያቅትም። መውደቅ በሽታ አይደለም። ግን «የእነ እከሌ ልጅ አልፋ የለ እንዴ» እየተባለ የሚከርም ልጅ ጭንቀት ቢይዘው ምን ይገርማል?

«ስለ ራስ ማጥፋት ከጠየቅነው ሐሳቡን እንሰጠዋለን»

ከሁሉም አደገኛዋ ይቺ ናት፤ ጥናቶችም አይደግፏትም። ሐሳቡ ካለበት መጠየቁ እፎይታ ሊሰጠው ይችላል። «ልጄ፣ ብሞት ይሻላል ብለህ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። «አዎ» ካለ አትጩኹበት። ስለ ኃጢአት ስብከትም አትጀምሩ። ብቻውን አትተዉት፤ ቤት ያለውን መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ አርቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። «ትኩረት ፈልጎ ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ይሁን፤ ትኩረት የሚያስፈልገው እኮ ያኔ ነው።

«ወይ ጸበል ወይ ሐኪም»

ምረጡ ያለን ማን ነው? ጸበል እየተጠመቀ፣ ወይም ቁርአን እየተቀራበት መድኃኒቱን የሚወስድ ሞልቷል። ጉዳቱ የሚመጣው «ክኒኑን ጣለው» ሲባል ነው።

«መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል»

የድብርት መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ለመሥራት ግን ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ከዚያ በፊት የሚያቋርጥም ብዙ ነው። ወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል፤ በድንገት ማቆምም አይመከርም። ቀለል ላለ ድብርት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምክር ሕክምና ይቀድማል።

«አማኑኤል የሚሄደው ያበደ ነው»

አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በተመላላሽ ታይቶ ወደ ሥራው፣ ወደ ትምህርቱ የሚመለስ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘውዲቱና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ልጁ የሰፈር ሰው እንዳያየው ከፈራ ራቅ ያለውን ይምረጥ። ከእናቱ ይልቅ ከአክስቱ ጋር መሄድ ከፈለገም አክስቱ ትውሰደው።