ብዙ ስብርባሪ ተገኘ ማለት ብዙ ዕቃ ነበረ ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚነሳ አንዴ በደንብ እንየው። ጥንት ሰዎች ይኖሩበት ከነበረ አንድ ቦታ በቁፋሮ የ20 የሸክላ ድስትና የ1 ጋን ስብርባሪ ወጣ እንበል። «ሰዎቹ ከጋን ይልቅ ድስት 20 እጥፍ ነበራቸው» ማለት ይቻላል? አይቻልም።

ቆጠራው የሚነግረን የተጣለውን ነው፤ በቤት ውስጥ የነበረውን አይደለም። አንድ ቤት አንድ ድስትና አንድ ጋን ብቻ ነበረው እንበል። ድስቱ በየቀኑ እሳት ላይ ይጣዳል፣ ይጋጫል፤ በዓመቱ ይሰበርና በአዲስ ይተካል። ጋኑ ጥግ ይዞ ስለሚቀመጥ 20 ዓመት ይቆያል። ከ20 ዓመት በኋላ ቆሻሻ መጣያው ላይ 20 ድስትና 1 ጋን እናገኛለን። ቤቱ ውስጥ ግን ሁሌም አንድ አንድ ነበር!

አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ሺፈር ይህን በስሌት አስቀምጦታል። በአንድ ጊዜ የነበረውን የዕቃ ብዛት ሰዎቹ በቦታው በኖሩበት ዘመን አባዛው፤ ከዚያ ለዕቃው ዕድሜ አካፍለው። የሚመጣው የተጣለው ብዛት ነው። ለድስቱ 1×20÷1፣ ለጋኑ 1×20÷20።

ሌላም አለ። ትልቅ ዕቃ ሲሰበር ብዙ ስብርባሪ ይሆናል። ስለዚህ ቁርጥራጭ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ክብደቱ ይመዘናል፣ የአፉ ጠርዝ ይለካል።

እርግጠኛው ነገር፣ ቶሎ የሚሰበር ዕቃ በቁፋሮ በዝቶ መታየቱ ነው። ዕድሜው ስንት ዓመት ነው የሚለው ግን እንደ ሸክላው ጥራትና እንደ አያያዙ ይለያያል። ተመራማሪዎች ይህን የሚገምቱት ዛሬም በሸክላ ዕቃ የሚጠቀሙ ቤተሰቦችን ጠይቀው ነው።