የተጫዋች ግድየለሽነት ምንድን ነው? አሰልጣኙስ እንዴት ሊይዘው ይገባል?

በእግር ኳስ አሰልጣኝነት ውስጥ የተጫዋች ግድየለሽነት የሚባለው አንድ ተጫዋች ችሎታው እያለው ለልምምድ፣ ለጨዋታና ለውጤት የነበረው ስሜት ቀዝቅዞ የሚጠበቅበትን ለይስሙላ ብቻ የሚፈጽምበት ሁኔታ ነው። ተጫዋቹ በሰዓቱ ይመጣል፣ ማሊያውን ይለብሳል፣ የታዘዘውንም ይሠራል፤ ነገር ግን ኳስ ሲነጠቅ ተከትሎ አይሮጥም፣ ቡድኑ ግብ ሲያስቆጥርም ሆነ ሲቆጠርበት ፊቱ ላይ ለውጥ አይታይም፣ ስህተቱ ሲነገረውም አይከራከርም፣ አይቆጣም፣ አያርምም። ከአስቸጋሪ ተጫዋች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አስቸጋሪው ከአሰልጣኙ ጋር የሚጋጨው የሚፈልገው ነገር ስላለ ነው፤ ግድየለሹ ግን የሚጋጭበት ጉዳይ እንኳ የለውም። ብዙ አሰልጣኞች በቁጡ ተጫዋች ከሚደክሙት በላይ በእንዲህ ያለው ተጫዋች የሚደክሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግድየለሽነት በአብዛኛው የተጫዋቹ ተፈጥሮ ሳይሆን የገባበት ሁኔታ መሆኑ ነው። «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» የሚለው ፍርድ ጥፋቱን በሙሉ በተጫዋቹ ጫንቃ ላይ ስለሚያኖር ለአሰልጣኙ እፎይታ ይሰጠዋል። ሆኖም ያው ልጅ ከልምምድ በኋላ ያለ ፊሽካና ያለ ተቆጣጣሪ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ላብ በላብ እስኪሆን ድረስ ሲሮጥ ከታየ ፍርዱ ይፈርሳል፤ የቀዘቀዘው ለኳስ ያለው ፍቅር ሳይሆን ለዚህ ቡድን፣ ለዚህ ልምምድ ወይም ለተሰጠው ሚና ያለው ስሜት ነው ማለት ነውና። በሌላ በኩል ዝምተኛነት ከግድየለሽነት ጋር መምታታት የለበትም። በመልበሻ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል የማይተነፍስ፣ ግብ ሲያስቆጥር እንኳ የማይጨፍር ተጫዋች በሜዳ ላይ ከሁሉም በላይ የነቃ ሊሆን ይችላል። መለኪያው የፊት ገጽታ ሳይሆን ተጫዋቹ ኳስ በእግሩ ሥር በሌለችበት ጊዜ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው።

የስነ ልቦና ምሁራኑ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን በራስ የመወሰን ንድፈ ሐሳብ በሚባለው ሥራቸው ይህን ሁኔታ ፍጹም የተነሳሽነት እጦት አድርገው ይገልጹታል። በእነርሱ አስተምህሮ ሰው አንድን ሥራ ከልቡ የሚሠራው ሦስት መሠረታዊ ፍላጎቶቹ ሲሟሉለት ነው፤ በሚያደርገው ነገር ላይ የራሱ ምርጫና ድምፅ እንዳለው ሲሰማው፣ እየቻለና እየተሻሻለ መሆኑን ሲያይ፣ እንዲሁም አብረውት ካሉት ሰዎች ጋር የሚያስተሳስረው ነገር ሲኖር። ይህ ለአሰልጣኝ እጅግ ጠቃሚ መነጽር ነው፤ ምክንያቱም «ለምን አይሮጥም?» የሚለውን ድፍን ጥያቄ ወደ ሦስት መልስ ሊገኝላቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ይለውጠዋል። ያለ ፍላጎቱ ከአጥቂ ቦታ ወደ መስመር ተከላካይነት የተዛወረና ምክንያቱ ያልተነገረው ተጫዋች የጎደለው የመጀመሪያው ነው። ከአቅሙ በላይ በሆነ ደረጃ እየተሰለፈ በየሳምንቱ የሚታለፍ ተጫዋች የጎደለው ሁለተኛው ነው። በዝውውር መጥቶ ከወራት በኋላም ከማንም ጋር የማይበላና የማያወራ ተጫዋች የጎደለው ደግሞ ሦስተኛው ነው። የሦስቱም ውጫዊ ምልክት ተመሳሳይ ነው፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

በተለይ የተቀያሪ ወንበር ላይ ያሉ ተጫዋቾችን የሚመለከት ሌላ ምክንያት አለ። የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ ምንም ቢያደርጉ ሊያስቆሙት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች በኋላ በቀላሉ ሊያመልጡ በሚችሉበት ቦታ ሲቀመጡ አብዛኞቹ ለማምለጥ ሳይሞክሩ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። ንዝረቱን ራሳቸው ማስቆም ይችሉ የነበሩት ግን ወዲያው አመለጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቱ ተመራማሪዎች የመጀመሪያ ትርጓሜያቸውን አሻሽለው፣ ለተደጋጋሚ መከራ የሚሰጠው ተፈጥሯዊ ምላሽ ራሱ መቀመጥና መተው እንደሆነ፣ እንስሳው የሚማረው ነገር «በእኔ እጅ ነው» የሚለውን የቁጥጥር ስሜት እንደሆነ ጻፉ። ለእግር ኳስ አሰልጣኝ ይህ ማሻሻያ ከመጀመሪያው ግኝት ይልቅ የሚበልጥ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። በልምምድ ቢተጋም ባይተጋም የሚሰለፉት አሥራ አንዱ እንደማይለወጡ ያየ ተጫዋች ትጋቱን ቢያቆም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ጥረቱ ውጤት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ልምድ በአሰልጣኙ አማካይነት ካላገኘ ግን «ጠንክር» የሚለው ምክር ብቻውን ከተቀመጠበት አያስነሳውም።

አንዳንድ ጊዜም ችግሩ የሚመነጨው ከቡድን ሥራ ባሕርይ ነው። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክሲሚሊየን ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ኃይላቸውን ለክቶ፣ ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚወርድ አሳይቷል። ከፊሉ ጉድለት ከቅንጅት ማነስ የመጣ ቢሆንም፣ የስነ ልቦና ተመራማሪው ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በጭብጨባና በጩኸት ባደረጉት ሙከራ ሰው በቡድን ውስጥ ሲሆን ራሱ ጥረቱን እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ እውነት ነው፣ ግን ማን ስንት ሎሚ እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ ባዶ እጁን የሚሄድ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ እንደሚታይ ሲታወቅ ልግመቱ በእጅጉ ይቀንሳል። በሜዳ ላይ ይህ ማለት «ሁላችሁም ተመለሱ» ከማለት ይልቅ «ኳስ በቀኝ ስትነጠቅ ለማስመለስ ባለ ኳሱን ቀርቦ የሚጫነው የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ፣ ከኋላው የምትሸፍነው አንተ ነህ» ብሎ ሥራውን በስም መስጠት፣ ከጨዋታ በኋላም ስለዚያው ሥራ ለይቶ መናገር ማለት ነው።

ግድየለሽነት የሚመስል ነገር ሁሉ ግን ግድየለሽነት አይደለም፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ተጫዋችን ሊጎዳ ስለሚችል አሰልጣኙ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ቶማስ ሬዴኪ የተባለው ተመራማሪ የስፖርተኛ መሰላቸትን (በእንግሊዝኛ «በርንአውት» የሚባለውን) በሦስት ምልክቶች ይገልጸዋል፤ የአካልና የስሜት መዛል፣ ምንም እየተሳካልኝ አይደለም የሚል ስሜት፣ እንዲሁም ለስፖርቱ ይሰጥ የነበረው ዋጋ መውረድ። ሦስተኛው ከውጭ ሲታይ ከግድየለሽነት ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን ወደዚህ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ በላይ ይተጋ የነበረው ተጫዋች ነው፣ የሚያስፈልገውም ተጨማሪ ልምምድ ሳይሆን ዕረፍት ነው። የብረት ማዕድን እጥረት፣ የእንቅልፍ ማጣትና በቂ ያልሆነ ምግብም እግርን ያከብዳሉ፤ በተለይ በፍጥነት በማደግ ላይ ባሉ ታዳጊዎችና የወር አበባ በሚያዩ ሴት ተጫዋቾች ዘንድ የብረት እጥረት በሐኪም መታየት ያለበት ጉዳይ ነው። ድባቴም አለ። አንድሬስ ኢኒየስታ ክለቡ ባርሴሎና ታላላቅ ዋንጫዎችን ባነሳበት በ2009 እ.ኤ.አ. ጉዳት እየደጋገመበት፣ በነሐሴ ወር የቅርብ ጓደኛው ዳኒ ሃርኬ በድንገት ሞቶበት፣ ለምንም ነገር ስሜት ባጣበት ድባቴ ውስጥ እንደነበረ በኋላ በግልጽ ተናግሯል። የባለሙያ እርዳታ አግኝቶ፣ በቀጣዩ ዓመት በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በ116ኛው ደቂቃ የስፔንን የድል ግብ ያስቆጠረው ይኸው ሰው ነው። በዚያ የጨለማ ወቅት አንድ አሰልጣኝ «ደንታ የለህም» ብሎ ከቡድኑ ቢያገልለው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ንግግር ነው፤ ንግግሩም በቡድኑ ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ ከሽንፈት በኋላ ባለው ትኩሳት ሳይሆን ነገር በበረደበት ሰዓት መሆን አለበት። «ምን ሆነሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ወጣት «ምንም» ብሎ ይመልሳል፤ ጥያቄው ክስ ይመስላልና። ከዚህ ይልቅ የታየውን ነገር ሳይተረጉሙ ማስቀመጥ ይሻላል፦ «ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች ኳስ በአንተ በኩል ስትነጠቅ ወደ ኋላ አልተመለስክም፤ በፊት ግን ትመለስ ነበር። ምን ተለወጠ?» እንዲህ ያለው ጥያቄ ከዝምታ በኋላ እንደዚህ ያለ መልስ ሊያመጣ ይችላል፦ «ኮች፣ ብመለስም ባልመለስም በስልሳኛው ደቂቃ ላይ የምቀየረው እኔ ነኝ።» አሰልጣኙ በዚህ ጊዜ ራሱን ለመከላከል ካልቸኮለ፣ ሊሠራበት የሚችል እውነተኛ ምክንያት እጁ ላይ ገብቷል። ቅያሪው የታክቲክ ምክንያት ከነበረው ይነግረዋል፤ ልማድ ብቻ ከነበረም ልማዱን ያርማል።

ሁለተኛው ነገር ልምምዱን መመርመር ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። አሥራ ሁለት ተጫዋቾች ከአንድ ኮን ኋላ ተሰልፈው ተራ በተራ ወደ ግብ የሚመቱበትን የተለመደ ልምምድ እንውሰድ። አንዱ ምት አሥራ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ እያንዳንዱ ተጫዋች ተራው እስኪደርስ ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆማል፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥም አምስት ጊዜ ብቻ ይመታል። የቀረውን ጊዜ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያሳልፋል፣ ከፊቱ ያለውን ይጎነትላል፣ ወይም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አሰልጣኙ ይህን አይቶ ትኩረት የላቸውም ብሎ ይናደዳል፤ ግድየለሽነቱን ያስተማራቸው ግን ሰልፉ ነው። ያው አሥራ ሁለት ሰው በትንሽ ሜዳ ሦስት ለሦስት በሁለት ጨዋታ ቢከፈል፣ ኳስ ከሜዳ በወጣች ቁጥር ወዲያው ሌላ ኳስ ቢገባ፣ ነጥብም ቢያዝ፣ ማንም የሚደበቅበት ቦታ አያገኝም። ሁሉም በየሴኮንዱ ውሳኔ ይወስናል፣ ኳስ ይነካል፣ ስህተቱን ራሱ አይቶ ያርማል። በልምምዱ ውስጥ አነስተኛ ምርጫዎችን ለተጫዋቾች መተውም ይረዳል፤ የሰውነት ማሟሟቂያውን ማን እንደሚመራ፣ ከማዕዘን ምት የትኛው ዝግጅት እንደሚሞከር እነርሱ ቢወስኑ አሰልጣኙ ሥልጣኑን አያጣም።

በቅጣት መሮጥን በተመለከተ አቋሜ የማያወላውል ነው። እግር ኳስ ራሱ ሩጫ ሆኖ ሳለ ሩጫን የጥፋት ዋጋ ማድረግ፣ ተጫዋቹ ሊወደው የሚገባውን ነገር እንዲጠላው ማሠልጠን ነው። ሽልማትም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የስነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል በሚወዱ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ብትስሉ ትሸለማላችሁ ተብሎ አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የመሳል ፍላጎታቸው ከሌሎቹ ቀንሶ ተገኝቷል። ምስጋና ግን ሌላ ነው፤ ለተለየ ጥረት በተለየ ቃል ሲሰጥ ይሠራል። የስፖርት ስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል አሰልጣኞች መልካም ጥረትን እንዲያበረታቱ፣ ስህተትን ከነማረሚያው እንዲናገሩ፣ ከማዋረድም እንዲርቁ የሚያስተምር ሥልጠና አዘጋጅተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ የታዳጊዎች ቤዝቦል ጥናታቸው ሥልጠናውን ካልወሰዱ አሰልጣኞች ተጫዋቾች 26 በመቶው በቀጣዩ ዓመት ስፖርቱን ሲተዉ፣ ከሠለጠኑት አሰልጣኞች ዘንድ የተዉት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው ከማሸነፍና ከመሸነፍ አልነበረም። ስፖርቱ ሌላ ቢሆንም አሰልጣኙ የሚናገረው ቃል ያለውን ክብደት በግልጽ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ሲባል ደረጃን ዝቅ ማድረግ ማለት አይደለም። አንድ ተጫዋች ሲለግም ሌሎቹ ያያሉ፤ የእርሱን ክፍተት ለመሸፈን ሁለት እጥፍ የሚሮጠው አማካይ አሰልጣኙ ዝም ሲል «ታዲያ እኔስ ለምን?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ የተነሳ የቡድኑ መመሪያ ጥቂት፣ ግልጽና ለኮከቡም ለተቀያሪውም እኩል የሚሠራ መሆን አለበት። ምክንያቱ ተሰምቶ፣ ሚናው ተብራርቶ፣ ልምምዱ ተስተካክሎ፣ በቂ ጊዜም ተሰጥቶ ለውጥ ካልመጣ ተጫዋቹ ከቋሚ ተሰላፊነት መውረዱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለምን እንደወረደና ለመመለስ ምን ማድረግ እንዳለበት በተለካ ነገር ይነገረው። «አመለካከትህን አስተካክል» ማንም ሊለካው የማይችል ትእዛዝ ነው። «በሁለቱ ቀጣይ ልምምዶች ኳስ በተነጠቀች ቁጥር የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰከንዶች ተጫን» የሚለው ግን ተጫዋቹ ራሱ መፈጸሙን የሚያውቀው ነው።

አንዳንዱ ተጫዋች፣ በተለይም የወላጁን ምኞት ተሸክሞ ሜዳ የመጣ ታዳጊ፣ እግር ኳስ መጫወት ጨርሶ የማይፈልግ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ለመናገር የማይደፍረውን እውነት እንዲያወጣ መርዳት የአሰልጣኙ ድርሻ ነው። ከወላጆቹ ጋር ከመነጋገር በፊት ልጁን ለብቻው ማነጋገር፣ የነገረውን ያለ ፈቃዱ ለማንም አለማውራት፣ ለወላጆቹ ሲነገርም ልጁ ባለበትና በተዘጋጀበት ሁኔታ ማድረግ ይገባል። ለማረፍ ከወሰነም አሰልጣኙ በቡድኑ ፊት በክብር ይሸኘው፣ ስሙንም ከተጫዋቾች ዝርዝር ለመሰረዝ አይቸኩል፤ ከአንድ የውድድር ዘመን ዕረፍት በኋላ ማንም ሳይልከው፣ ጫማውን ይዞ በራሱ እግር የሚመለስ አለና።